ለማንም የማይነገር ፓስወርድ

ቴክኒሻኑ ፓስወርድ የሚሰርቀውን ሰላይ ፕሮግራም ከሰውየው ኮምፒውተር ላይ አጥፍቶ፣ "አዲሱን የኢሜይል ፓስወርድ ለማንም እንዳይነግሩ" ሲል አስጠነቀቀው።

ሰውየው ኮምፒውተሩን ታቅፎ ታክሲ ውስጥ እንደተቀመጠ ሚስቱ ደወለች።

"አዎ፣ ሌባው ተገኘ! የጻፍነውን ሁሉ ሲልክ ነበር። አዲሱን ያዢ፤ ዝንጀሮ፣ ሰባት፣ አራት፣ አንድ፣ ዘጠኝ!" ኔትወርኩ ስለሚቆራረጥ ይጮኻል። "ለሰው እንዳትነግሪ፣ እሺ?"

ስልኩ ተቋረጠ። ወዲያው መልሳ ደወለች።

"አልተሰማም፤ ድገምልኝ።"

ከዝንጀሮው ቀጥሎ ያለው ጠፋበት።

"ሰባት፣ አራት፣ አንድ፣ ስድስት!" አለ ወያላው ከበሩ።

"ዘጠኝ ነው እንጂ!" ሲል ሹፌሩ አረመው።

ከኋላ ወንበር አንዲት እናት መነጽራቸውን አውልቀው ብጣሽ ወረቀት ለሰውየው አቀበሉት።

"አትጨቃጨቁ ልጆቼ፤ ጽፌዋለሁ እኮ።"