በሁለቱ ጥቁር ድንጋዮች መሃል

መጽሔቱ ላ ጋርሳ የደረሰው ሐሙስ ጠዋት ነው። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ያላነበበው ሰው አልነበረም። አራት ገጽ ሙሉ ስለ ከተማዋ! ወደ ባሕር ስለሚዘልቀው የእንጨት ድልድይ፣ እኩለ ቀን ላይ ስለሚገፈፈው ጭጋግ፣ ስለ ኖሪን ምግብ ቤት የዓሣ ሾርባ። «ካሊፎርኒያ የደበቀቻት ከተማ» ይላል ርእሱ።

ሎሬታ ሲልቬራ በሞቴሏ እንግዳ መቀበያ ቆማ፣ እየሳቀች ነበር ማንበብ የጀመረችው። ሦስተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ ሳቋ ከፊቷ ረገፈ።

ጸሐፊዋ ስለ ትንሿ የባሕር ዳርቻ ጽፋለች። ባሕሩ ሲሸሽ ብቻ በሁለት ጥቁር ድንጋዮች መሃል ሾልከው የሚገቡባት፣ ካርታ ላይ የሌለች ዳርቻ ናት። የላ ጋርሳ ሰዎች የሙታኖቻቸውን አመድ የሚበትኑት እዚያ ስለሆነ ለእንግዳ አያሳዩዋትም። ጸሐፊዋ መግቢያውን ከነሰዓቱ አስቀምጣዋለች። ቀጥላም «ከሦስት ዓመት በፊት አንዲት እናት የሃያ ዓመት ልጇን አመድ ጨብጣ አልለቅም አለች። ጣቶቿን አንድ በአንድ መፈልቀቅ ነበረባቸው» ትላለች።

ሎሬታ መጽሔቱን ዘጋችው። ቀኝ እጇ ሳታውቀው ተጨብጧል።

አመዱ በተበተነበት ማለዳ እዚያ የነበሩት አራት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ እሷ፣ ባሏ አርማንዶ፣ ቄሱና የልጅነት ጓደኛዋ ኖሪን። ቄሱ ባለፈው ዓመት ሞተዋል። አርማንዶን መጠርጠር ደግሞ ድንጋይ ዘፈነ እንደማለት ነው። ልጃቸው ኢኔስ በመኪና አደጋ ከሞተች ወዲህ «ጨው አቀብዪኝ» ከማለት ያለፈ ወሬ ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ጣቶቿን የፈለቀቀችው ኖሪን ናት።

«ሾርባዋን ለማስመስገን ብላ ልጄን አሳልፋ ሰጠችብኝ» አለች ለባሏ።

አርማንዶ ቧንቧ ከሚጠግንበት ቀና አለ። «ኖሪን አይደለችም።»

«ታዲያ ማነው? ዓሣ ነባሪው?»

አርማንዶ መፍቻውን አነሳና ወደ ቧንቧው ጎንበስ አለ። የዋህ ነው፣ ሰውን በክፉ ማሰብ አይሆንለትም አለች በልቧ።

ቅዳሜ መኪኖች ከድልድዩ እስከ ነዳጅ ማደያው ተደረደሩ። ሎሬታ ባሕሩ እስኪሸሽ ጠብቃ በድንጋዮቹ መሃል ገባች። አንዱ ጎረምሳ እርጥብ ሸሚዙን ድንጋይ ላይ አስጥቷል። የቢራ ጣሳ አሸዋው ውስጥ ተተክሏል። አንዲት ፈገግተኛ ልጅ ስልኳን ዘረጋችላት።

«እማማ፣ እባክዎ ፎቶ ያነሱናል?»

ሎሬታ ስልኩን ተቀብላ አነሳቻቸው። ስልኩንም መለሰችላት።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ኖሪን ምግብ ቤት ሄደች። ቤቱ ጢም ብሏል። ተራ ጠባቂው ከበሩ ውጭ ድረስ ተሰልፏል። አርማንዶም ተከትሏት መጥቶ ከሰዎቹ ጋር በሩ ላይ ቆመ።

«ጣፈጠላቸው?» አለች ሎሬታ።

«ምኑ?»

«የልጄ አመድ ነዋ! ሾርባው ላይ የነሰነስሽላቸው!»

ማንኪያ ሁሉ ቀጥ አለ። ኖሪን ቀይ ፊቷ ነጣ። «ሎሬታዬ፣ ነይ ጓዳ ገብተን እናውራ።»

«እዚሁ! ሰው ሁሉ ይስማ። ለዚያች ሴት የነገርሻት አንቺ ነሽ አይደለሽም?»

ኖሪን ለመመለስ አፏን ከፈተች። ከዚያ ዓይኗ በሎሬታ ትከሻ ላይ አልፎ በሩ ላይ ወደ ቆሙት ሰዎች ሄደና እዚያው ጥቂት ቆየ። ጭልፋዋን በቀስታ አስቀመጠች።

«እኔ ነኝ» አለች። «አመለጠኝ።»

ሎሬታ ይህን አልጠበቀችም። ልትክድ፣ ልትምል፣ ልትሳደብ እንደምትችል አስባ ነበር የመጣችው። «አርባ ዓመት!» አለች። በሩ ላይ የቆሙትን ገፍታ ወጣች።

ላ ጋርሳ ትንሽ ከተማ ናት፤ ሰው መቅጣት ግን ታውቅበታለች። አጥማጆቹ ለኖሪን ዓሣ ማቅረብ ተዉ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተቀመጠችበት አግዳሚ ከእሷ በቀር ባዶውን ይቀራል። አንድ ጠዋት መስኮቷ ላይ «ወሬኛ» የሚል ጽሑፍ ተገኘ። በጥቅምት ምግብ ቤቱን ዘግታ ፍሬዝኖ ወዳለችው እህቷ ለመሄድ ተነሳች። ዕቃዋን በጫነችበት ቀን የሞቴሉን በር ሦስት ጊዜ አንኳኳች። ሎሬታ ከመጋረጃው ጀርባ ቆማ ሰማቻት፤ አልከፈተችም። ዕቃውን ሲያወጣና ሲጭን የዋለው አርማንዶ ብቻ ነበር። ለዚህም ሎሬታ ሳምንት ሙሉ አኮረፈችው።

ክረምቱ ገባ፤ እንግዳው ሳሳ። በየካቲት አንድ ዝናባማ ከሰዓት በኋላ፣ አጭር ሽበታም ፀጉር ያላት ሴት ትንሽ ሻንጣ ይዛ መጣች። መዝገቡ ላይ ስሟን ጻፈች። ሎሬታ ስሙን አየችው። መጽሔቱ ላይ የነበረው ስም ነው።

«ባለፈው ለአንድ ቀን ብቻ ነበር የመጣሁት፤ አሁን ግን ልረፍ ብዬ ነው» አለች ሴትየዋ ካፖርቷን እያራገፈች። «ያች ሾርባ ቤት ግን ለምን ተዘጋች?»

«ይህንንማ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።»

«እኔ?»

«ስለ ዳርቻዋ ለእርስዎ ስለነገረችዎት ነዋ የተዘጋው!» አለች ሎሬታ። «የዚያችን እናት ጣት የፈለቀቀችው ራሷ ሆና፣ መልሳ ለእርስዎ አወራችልዎት።»

ሴትየዋ ግራ ገብቷት አየቻት። «ባለ ሾርባዋ? ገና ስለ ዳርቻዋ አፌን ስከፍት በጭልፋዋ ነበር እኮ ያባረረችኝ!»

«እዚያ የወሰደኝማ የሟቿ ልጅ አባት ነው» አለች ሴትየዋ ቀጥላ፤ «ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ‹ኢኔስ፣ ኢኔስዬ› እያለ ሲያወራልኝ፣ ባሕሩ ተመልሶ እግራችንን እስኪነካው ድረስ አላበቃም።»