የብራምብልትዌይት ሰባት ቤት

አቶ ደምመላሽ፣ ጡረታ የወጡት የኬሚስትሪ መምህር፣ ዘሩን ላልቆጠረ ሰው ልጅ አይድሩም። በ2012 ሀብቱ የሚባል የማውንቴን ቪው ኢንጂነር አራተኛ አያቱን መጥራት አቅቶት፣ ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ካለው ሳሎናቸው ምሳ ሳይበላ ተሸኝቷል።

በዓመቱ ልጃቸው መነን አንድ ፈረንጅ ይዛ መጣች።

«ቶም ማን?»

«ቶም ብራምብልትዌይት።»

አቶ ደምመላሽ ስሙን መድገም ጀመሩና መሃል መንገድ ላይ ተዉት። «ምን ማለት ነው?»

«እሾሃማ መስክ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ» አለ ቶም። «በጣም እወደዋለሁ። ታሪኩን ግን ከእኔ ይልቅ ኬት ታውቀዋለች፤ እሷም ብራምብልትዌይት ናት፣ ሳን ሆዜ ነው ያለችው።»

ቶም እንደወጣ አቶ ደምመላሽ ተነሱ። «ስሙን ይወዳል፣ አያቱን አያውቅም! የወንበዴ ዘር ቢሆንስ?»

«ዳዲ፣ ራሱን ለምን አስክ አታደርገውም?»

«ሙሽራ ስለ ራሱ ሲመሰክር የት አይተሻል? ስም ከአባት ይወረሳል እንጂ ከገበያ አይገዛም። እኔው እደርስበታለሁ።»

መነን የምትለውን ትታ የኬትን ስልክ ቁጥር ጻፈችላቸው።

ኬት ደግሞ የአያት ነገር ከእሳቸው ብሶ የሚያሳብዳት ሆና ተገኘች። ቅዳሜ ቅዳሜ ኤመሪቪል እየተገናኙ አያት ይቆጥሩ ጀመር። አራተኛው አያት ጋ ሲደርሱ ድምጿን ዝቅ አደረገች። አቶ ደምመላሽ ወደ እሷ ጠጋ አሉ።

«በግ ሰርቋል ይባላል።»

«ስንት በግ?»

«አንድ።»

«አንድማ ረሃብ ነው» ብለው አለፉ።

ሰባተኛው ቄስ ሆነ፤ ቤተ ክርስቲያን ያሠራ። ከዚያ ወዲያ አቶ ደምመላሽ ለቅሶ ቤት እንኳ ሳይቀር ብራምብልትዌይትን ሳይደናቀፉ ይጠሩ ጀመር። ቶምንም «የደብር ተካዩ ልጅ» አሉት። ቶም አቀርቅሮ ጫማውን አየ።

ሽማግሌ የሚላክበት ቀን ደረሰ። ቶም ሁለት አበሾችንና ኬትን ላከ።

«ደግሞ ሴት ሽማግሌ አመጡብን?» አሉ የአቶ ደምመላሽ ባልንጀራ አቶ አምሐ በሹክሹክታ።

«ዝም በል፤ የዘሩ አዋቂ እሷ ናት።»

አቶ ደምመላሽ ቆሙ። ከሰባተኛው አያት ጀምረው እስከ ቶም ድረስ ቁልቁል ቆጠሩ፤ በግ ሰራቂውን ብቻ ፈጠን አድርገው አለፉት። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው መረቁ። «ሰጥቻለሁ! ምርቃት ከአፍ ከወጣ አይመለስም፤ ሁላችሁም ምስክር ናችሁ።»

«አሜን!» አለ ቤቱ። መነን በኩሽናው በር ብቅ ብላ አባቷን አቀፈቻቸው።

አቶ ደምመላሽ እንባቸውን ጠርገው ወደ ኬት ዞሩ። «ልጄ፣ ወንድምሽ ይህን የመሰለ አጥንት በመውረሱ እድለኛ ነው።»

«ወንድሜ እኮ አይደለም» አለች ኬት ፈገግ ብላ፤ «ስንጋባ የእኔን ስም ወሰደ፣ ስንፋታ ደግሞ በጣም ስለወደደው ተውኩለት።»