ቱቦው ውስጥ የሰፋሁት የቁልፍ ቀዳዳ

ሐኪሙ አሁንም የሚጠይቀው ልጄን ነው። «እማማ ትናንት የተነገራቸው ገብቷቸው ነበር?» ይለዋል፣ እኔ መሃላቸው ተቀምጬ። ራሴን የታመምኩት እኔ፣ የሚጠየቀው እሱ። ፊደል ስላልቆጠርኩ ጆሮም ያልፈጠረልኝ ይመስላቸዋል።

«እኔን ጠይቀኝ» አልኩት። «አፌን አላመመኝም።»

«እማዬ፣ ተይ እንጂ» አለ ልጄ አቀርቅሮ። ሐኪሙ ግን ፈገግ ብሎ ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረው።

የገዛ አንጎሌን አየሁት። ቆዳ ሳይቀደድ፣ አጥንት ሳይነካ፣ በስሱ በስሱ ተከፋፍሎ እንደ ጨርቅ ናሙና ተደርድሯል። ሃምሳ ዓመት ልብስ ስሰፋ ይህን ያህል እጥፋት አላየሁም። በዚህች ጠባብ ቅል ውስጥ ስንት ክንድ ጨርቅ ነው የታጨቀው? ያጣጠፈውስ ምን ዓይነት ባለሙያ ነው?

ባቄላ የምታህል ነጭ እብጠት አሳየኝ። ነገ የምትወጣው እሷ ናት። «ያለችው በግራ በኩል ነው» አለ። «ቀኝ እጅዎን የሚያዘው ደግሞ ግራው ነው። ትዕዛዙ ከዚህ ይነሳል፣ አንገት ጋ ሲደርስ ይሻገራል፣ በጀርባ አጥንትዎ ውስጥ ይወርድና በነርቭ እስከ ጣትዎ ጫፍ ይሄዳል።»

«ተሻግሮ?»

«ተሻግሮ።»

ቀኝ እጄን ገልብጬ አየሁት። አዛዡ ማዶ እንደሚኖር ማንም ነግሮኝ አያውቅም። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ቀን እንኳ መንገድ ስቶ ግራዬን አላንቀሳቀሰም።

«ንግግርዎ ከእብጠቱ ሩቅ ነው፣ አይነካም» አለ።

«ምራቴ ይህን ስትሰማ ታዝናለች።»

ሐኪሙ ሳቀ፣ ወዲያው ግን ኮስተር አለ። «ትናንት ቱቦው ማሽን ውስጥ ሁለት ጊዜ ነው ምስል ያነሳንዎት። ጣት በጣት እየነኩ እንዲቆዩ ተነግሮዎት ነበር። እጅ ሲሠራ ደም ወደ አዛዡ ቦታ ይሮጣል፤ ያንን ነው በቀይ የምናየው። በመጀመሪያው ምስል ቀዩ ትንሽ ነው፣ ከእብጠቱም ራቅ ይላል። በሁለተኛው ግን ይኸው።»

በሁለተኛው ቀዩ ሰፍቶ ጠርዙ ባቄላዋ ሥር ደርሷል።

«እማዬ፣ ተንቀሳቀስሽ እንዴ?»

«ጭንቅላቴ ንቅንቅ አላለም። ጣት በጣት መንካት ግን የሕፃን ጨዋታ ነው፣ ሰለቸኝ። ቱቦው ደግሞ እንደ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ይደበድባል። ስለዚህ በሁለተኛው ጊዜ የሸሚዝ ቁልፍ ቀዳዳ ሰፋሁ።»

«በምን መርፌ?» አለ ሐኪሙ።

«መርፌማ የት አባቴ አገኛለሁ? ቀለበቴን እንኳ አስወልቃችሁኝ! በባዶ እጄ ነዋ። ክሩን አሾለክሁ፣ ቋጠርኩ፣ ዙሪያውን ጠበቅ ጠበቅ አድርጌ ዘመዘምኩ። ሦስተኛው ቀዳዳ ላይ ስደርስ አወጣችሁኝ።»

ልጄ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ይቅርታ ዶክተር፣ ይደገም ከተባለ እኔ ራሴ እመክራታለሁ።»

ሐኪሙ አልሰማውም። ከአንዱ ምስል ወደ ሌላው ይመላለሳል። ከዚያ ከልጄ ሳይሆን ከእኔ ጋር ማውራት ጀመረ።

«እማማ፣ የመጀመሪያውን ብቻ ይዤ ቢሆን በፊት በኩል፣ በዚህ በሰፋው ቀይ ላይ ነበር የምገባው። እጅዎ ማንኪያ ለመያዝ አያቅተውም ነበር። መርፌ ግን…» ጣቱን ወደ ባቄላዋ ጀርባ አዞረ። «አሁን ከኋላ ነው የምገባው።»

ልጄ እጁን ከፊቱ ላይ አነሳ።

ቀዩን ቦታ ትክ ብዬ አየሁት። የአውራ ጣት ጥፍር አይሞላም። ሙሽራ ያለበስኩበት፣ ለባሌ ከፈን የሰፋሁበት፣ ይሄን አጠገቤ የሚያቀረቅረውን ያስተማርኩበት ሙያ እዚያች ውስጥ ነው የተቀመጠው። ለካ እኔ ጨርቅ ላይ ሳጎነብስ ያ ቀይ ቦታ ውስጥ ውስጡን እንዲህ ሲያበራ ኖሯል።

ሐኪሙ ሊነሳ ወንበሩን ገፋ። «እንግዲህ ነገ ጠዋት…»

«ቁጭ በል» አልኩት። «ነገ እኔን ታስተኙኛላችሁ፣ ምንም ልናገር አልችልም። እኔ ቤት ጨርቅ ሳይሰመር መቀስ አይነካውም። ይህን ምስል በወረቀት አውጣልኝና እስክሪብቶህን ያዝ። የምትገባበትን አስምር፣ እኔ እያየሁ።»