ቀኑ ያለበት ግማሽ

ጡረተኛው የፖስታ ሠራተኛ አጉሊ መነጽራቸውን ወደ ቴምብሩ ሲያስጠጉ በላይነሽ ጠጋ አለች። «የመንግሥት ሥራ» የሚለውን ቀይ ጽሑፍ እንዲህ ባሉ አሮጌ ቴምብሮች ላይ በሐሰት አትመህ ለሰብሳቢዎች በውድ ሸጠሃል ተብሎ ነበር አባቷ ከፖስታ ቤት ሥራው የተባረረው። ቤታቸው እስከ ዛሬ ግራና ከተማ ውስጥ «የሌባው ቤት» ነው። ይህን ቴምብር ያገኘችው ከሟች አባቷ ሣጥን ነው።

«ቀዩ ጽሑፍ ከታች ነው» አሉ ሽማግሌው ቀና ሳይሉ። «የፖስታ ቤቱ ጥቁር ማኅተም ያረፈው ከላዩ ነው። ጽሑፉ ቀድሞ ነበረ ማለት ነው።»

«ታዲያ አባቴ ንጹሕ ነው፣ ጋሼ?»

«ማኅተሙ ላይ ቀን ይኖራል። አባትሽ ከመቀጠሩ በፊት ከሆነ፣ እሱ አላተመውም።»

መነጽሩን ወደ ጠርዙ ገፋ አደረጉት፤ እጃቸው እዚያው ቆመ። ቴምብሩ ዙሪያውን በመቀስ ተስተካክሎ ተቆርጧል። የማኅተሙ ግማሽ የለም።

«ቀኑ ፖስታው ላይ ቀርቷል። ፖስታውስ የታለ?»

በላይነሽ የነጠላዋን ጫፍ ጨበጠች።

«እድፋም ነበር፣ ጋሼ። እርስዎ ፊት ይዤው ልቀርብ አፈርኩ። ቴምብሩን ብቻ ቆርጬ አመጣሁት።»

«የት አደረግሽው ታዲያ?»

«ዛሬ ጠዋት እሳት አያያዝኩበት።»