የሚካኤል ጽዋ ተረኛ

ቄስ ምሥጋና መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል፤ ጽዋው ግን ከእጄ አልወጣም።

የዛሬው የሚካኤል ማኅበር የእኔ ነው። ዳቦው ተቆርሷል፣ ጠላው ተጠጥቷል። የቀረው ጽዋውን ለሚቀጥለው ተረኛ ማስረከብና እልል እያልን እስከ ቤቱ መሸኘት ብቻ ነው። ተረኛው ወልደ ገብርኤል ነው። በሩ አጠገብ፣ ከሁሉ ዝቅ ያለችው ዱካ ላይ ተቀምጧል። ማንም እዚያ ሂድ አላለውም፤ ራሱ መርጦ ነው።

«እኔን በዚህ ወር እለፉኝ» ይላል ድንገት። «ለሌላ ይሰጥ።»

ቤቱ ሙሉ ሰው እፎይ ይላል። የማኅበራችን ሰብሳቢ፣ ሙሴው አያ ያረጋል ቶሎ ብለው፣ «እሱም እኮ እውነቱን ነው። ነገሩ እስኪበርድ ለራሱም ይሻለዋል» ይላሉ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ማኅበርተኛው ሁሉ «ልክ ነው፣ ልክ ነው» ይላል። ሰው በአንዴ እንዲህ ሲስማማ ይከነክነኛል። እኛ በበርበሬ ዋጋ እንኳ ተስማምተን አናውቅም።

«ነገሩ» የሚሉትን ሁላችንም እናውቀዋለን። የወልደ ገብርኤል እናት ጉሙዝ ናት። እሱ ቡሬ የመጣው ጡት ሳይጥል ነው፤ ክርስትና የተነሳው እዚሁ ሚካኤል፣ ዳዊት የደገመው እዚሁ፣ የግማሻችንን ቤት ጣራ ቆርቆሮ የመታው እሱ። የመልኩ ጥቁረት ትዝ የሚለን ከማዶ፣ ከጉሙዞች አገር፣ ክፉ ወሬ ሲመጣ ነው። ዘንድሮ ወሬው በዛ። ባለፈው ሳምንት የሰፈሩ ጎረምሶች በሩን በድንጋይ ደበደቡት። ቤቱ የሚገባ ሰው ከእነሱ እንደ አንዱ ይቆጠራል ብለው ዝተዋል።

ከማዶ የመጣው ለእኔ ወሬ ብቻ አይደለም። ታናሽ ወንድሜ ታደለ ሰሊጥ ሊያጭድ ወደዚያው ሄዶ አስከሬኑ በአይሱዙ ተጭኖ መጣ። ስለዚህ አሁን ሁሉም የሚያየው እኔን ነው። እኔ «ይለፈው» ካልኩ ማንም ጥፋተኛ አይሆንም፤ ሐዘንተኛ ናት ተብሎ ያልቃል። ተናድጃለሁ። በማን እንደተናደድኩ መለየት ነው ያቃተኝ።

ቄስ ምሥጋና ደንብ አይዘሉም። ጽዋ ከእጅ ወደ እጅ ከመሻገሩ በፊት ሁልጊዜ የሚጠይቁትን ይጠይቃሉ።

«ቂም የያዘ አለ? ካለ አሁን ይናገር። በቂም ጽዋ አይሰጥም፣ አይወሰድም።»

ለወትሮው ማንም አይመልስም። ሰው ይህችን ሲሰማ ነጠላውን ማስተካከል ነው የሚጀምረው።

«እኔ ይዣለሁ፣ አባ» እላለሁ።

አያ ያረጋል «ይኸው እንግዲህ!» ይላሉ። ወልደ ገብርኤል ቀና አይልም።

«ከማን ጋር ነው ልጄ?»

«ታደለን ከገደሉት ጋር።»

«ነፍሱን ይማርልሽ። እዚህ ከመሃላችን ናቸው?»

«አይደሉም» እላለሁ።

«እዚህ ካለው ጋርሳ?»

እዚህ ያለውን አየዋለሁ። አውራ ጣቱ መዶሻ ስቶት ጥፍሩ ጠቁሯል። ታደለ ሲቀበር አፈር ያለበሰው ይህ እጅ ነው፤ አካፋውን ላግዝህ ቢሉት አልሰጥም ብሎ። ከዚያ የለቅሶው ድንኳን ሳይገባ ደጅ ቆሞ አለቀሰ።

«ከእሱ ጋር ቂም የለኝም» እላለሁ። «ከእናንተ ጋር ግን ልይዝ ምንም አልቀረኝ።»

ማንም አይስቅም። ጽዋውን በሁለት እጄ ይዤ ወደ በሩ እሄዳለሁ።

«ወልዴ፣ ተቀበለኝ።»

«ይቅርብኝ እታለም። በሚካኤል ይዤሻለሁ።»

«ወንድሜን ቀብረህልኝ ጽዋዬን አልቀበልም ትለኛለህ? ተነስ፣ እጄ ዛለ።»

ይነሳል። መዳፉን በጋቢው ጠርጎ ይቀበላል። እልል የሚል ሰው ይጠፋል። እኔ ጥቁር ለብሻለሁ፤ የታደለ ተዝካር ገና አልወጣም፤ እልልታ ለእኔ ነውር ነው። ቢሆንም እልል እላለሁ። መሃሉ ላይ ድምፄ ወደ ለቅሶ ይሄድብኛል፤ መልሼ እይዘዋለሁ።

ቄስ ምሥጋና ተከትለውን ይወጣሉ። አያ ያረጋል ዱላቸውን ሲፈልጉ ይቆያሉ፤ ዱላው እጃቸው ላይ ነው። መንገድ ከጀመርን በኋላ ግን ኮቴያቸውን ከኋላ እሰማለሁ፤ የሌሎችም ተጨምሮበታል።

ጎረምሶቹ ባጃጅ መቆሚያው ጋ ተቀምጠዋል። አንዱ ልብሴን ያያል፤ በዚህ ሰፈር የታደለን እህት የማያውቅ የለም። ከዚያ ወልደ ገብርኤል የያዘውን ያያል። ጽዋ ሲያልፍ ቁጭ ማለት አልለመደበትምና ይነሳል፤ ጓደኞቹም እየተያዩ ይነሳሉ። አንደኛው ብቻ እንደተቀመጠ ምራቁን እንትፍ ይላል። እናልፋለን።

የወልደ ገብርኤልን በር ሚስቱ ያምሮት ትከፍትልናለች። ያን ሁሉ ሰው ስታይ ክው ትላለች። ከኋላዋ ቤቱ ባዶ ነው። አልጋው ተፈቷል፣ ዕቃው በማዳበሪያ በማዳበሪያ ታስሮ ግድግዳው ሥር ተደርድሯል፤ የመዶሻው ሣጥን ከላይ ተጭኗል። በነገው የጠዋት መኪና ሊሄዱ ነበር። «እለፉኝ» ያለው ለዚህ ኖሯል። ጽዋ የወሰደ ሰው በወሩ ደግሶ ሳያስረክብ አገር አይለቅም።

ወልደ ገብርኤል ጽዋውን እንዳቀፈ መሃል ቤት ቆሟል፤ የሚያስቀምጥበት የለም።

ያምሮት አንዴ ጽዋውን፣ አንዴ እኔን ታያለች። ከዚያ መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ ትንበረከክና የትልቁን ማዳበሪያ ቋጠሮ በጥርሷ መፍታት ትጀምራለች።