መንገዱ የሚያልቅበት

ሞርቨን የእናቷን ጣት በዓይኗ ተከተለችው። ጣቱ ጠረጴዛው ላይ በተዘረጋው ካርታ ከሚኖሩበት ከግላስጎው ተነስቶ፣ የምዕራቡን ጠረፍ ይዞ ወደ ሰሜን ወጣ፤ መንደሮቹን ሁሉ አልፎ መንገዱ የሚያልቅበት ገደል አፋፍ ላይ ቆመ።

«የዘንድሮ ዕረፍቴ እዚህ ነው» አለች እናቷ። «ባሕሩን ቁልቁል እያየሁ። ሰው የለ፣ ስልክ አይሠራ። ሌላ ምን እፈልጋለሁ?»

አባቷ ከተቀበረ ወዲህ እናቷ ፈገግ ስትል ሞርቨን ለመጀመሪያ ጊዜ ማየቷ ነበር። ግን እናቷ ጠዋት ድመቷን ከነሳህኗ «የእናንተ ትሁን» ብላ ለጎረቤት ሰጥታ ነበር።

«ለስንት ቀን ነው እማዬ?»

«እሱን እዛው ስደርስ አያለሁ። እንደ ፖሊስ አትመርምሪኝ እንጂ!»

ሞርቨን የሻይ ስኒዋን በሁለት እጇ ጨበጠች። «እኔም እመጣለኋ!» አለች ለመሳቅ እየሞከረች። «ከሥራ ፈቃድ እጠይቃለሁ። ባለ ሁለት አልጋ ቤት እንያዝ።»

የእናቷ ፈገግታ ጠፋ። ጣቷን ከገደሉ ላይ ቀስ ብላ አነሳችና እዚሁ አጠገባቸው ወዳለችው፣ ፀሐይ በወጣች ቁጥር ሕዝብ ለአይስክሬም ወደሚጋፋባት የባሕር ዳር ከተማ ወደ ላርግስ መለሰችው።

«እንግዲያውስ» አለች ልጇን ሳታይ፣ «ያን ያህል መራቅ ምን ያደርጋል?»