ክፍሌን «አገሩ ያስገባው» ሰውዬ

«ሬሳው አገሩ ይግባ!» ብሎ ከለቀስተኞቹ አንዱ ጋሽ መርዕድ ከወንበሩ ብድግ አለ...

ለቅሶ ቤቱ ሁሉ ዞር ብሎ አየው።

ጊዜው እ.ኤ.አ. 1996፣ ቦታው ቶሮንቶ፣ ክሬሰንት ታውን፣ አሥራ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ያለች ጠባብ አፓርትመንት ነው። ውጪው በረዶ ብቻ።

የኔነሽ ከነጥቁር ልብሷ ቀና አለች። ባሏ ክፍሌ ኩላሊቱን ታሞ ወራት ከተሰቃየ በኋላ ካረፈ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው።

«ጋሽ መርዕድ... እሱ እኮ እዚሁ ቅበሪኝ ብሎኛል» አለች። «ልጄ በባስ መጥታ የምታየኝ ቦታ ይሁን ነው ያለኝ። እዚህ ከተቀበረ ደግሞ ወጪውን የሥራ ቦታው ኢንሹራንስ ይችለዋል።»

ልጃቸው ጸዮን ስምንት ዓመቷ ነው። እናቷ ጉያ ውስጥ ተሸጉጣለች።

መርዕድ ራሱን ነቀነቀ።

«አንቺ ሐዘን ላይ ነሽ፣ አይፈረድብሽም። ግን የሐበሻ ልጅ እንዴት በፈረንጅ በረዶ ሥር ይቀበራል? ኧረ ነውር ነው!»

ከዚያ እንባው ዱብ ዱብ... ማልቀስ ደግሞ ያውቅበታል!

አርባ የሚሆን ሰው «እውነቱን ነው» እያለ ከንፈሩን መጠጠ።

አገር ቤት ክፍሌን የሚጠብቀው ማን ነው ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው የለም። እናትም አባትም የሉትም። ያለው አንድ የአጎት ልጅ ብቻ ነው።

ለየኔነሽና ለልጇ መቋቋሚያ ተብሎ የተዋጣ አምስት ሺህ ሁለት መቶ ዶላር ነበር...

እሱም ለሬሳው ማጓጓዣ ይዋል ተባለ። በቃ፣ በአንድ ሰው እንባ!

አቶ ዘውዴ የሚባሉ ሽማግሌ «እንግዲያው ገንዘቡን ወስደን ለቀብር ድርጅቱ እናስረክብ» ሲሉ መርዕድ ተንደርድሮ መጣ።

«ኧረ በሞቴ! ጥሬ ብሩን ለኔ ስጡኝ፣ እናንተ አትድከሙ። ክፍያውን እኔ ራሴ እጨርሳለሁ። ግን እስከ ዓርብ ማለቅ አለበት!»

«ዓርብ ምን አለ?» አሉ አቶ ዘውዴ።

«ሬሳ አይቆይማ!»

«ምን ዓይነት ደግ ሰው ነው!» ተባለለት። ተመረቀ።

የኔነሽ እምቢ የምትልበት አቅም አልነበራትም። አንዲት ሐዘንተኛ ሴት አርባ ሰው እንዴት ትችላለች?

ቅዳሜ ክፍሌ በአውሮፕላን ተጫነ። ሚስትና ልጁ አብረውት አልሄዱም። በምን ገንዘብ?

ከኤርፖርት ሲመለሱ ጸዮን የእናቷን እጅ ይዛ «ማሚ፣ ዳዲ ጋ የሚሄደው ባስ ቁጥሩ ስንት ነው?» አለቻት።



ከአራት ወር በኋላ...

«መርዕድና ሚስቱ ትኬት ቆርጠዋል» ሲባል የኔነሽ ሰማች። ልቧ ደስ አለው። እንዲህ ለአገሩ የሚንገበገብ ሰው ትኬት ቆረጠ ከተባለ ሌላ የት ሊሄድ ነው?

ጸዮን ለአባቷ ደብዳቤ ጻፈች። ከታች ሦስት ሰዎች ሣለችበት። እናትየዋ ደብዳቤውን ይዛ መርዕድ ቤት፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ ሰፈር ሄደች።

በሩን የከፈተችላት ሚስቱ ኤልፍነሽ ነች። ሳሎኑ በሻንጣ ተሞልቷል።

«ይቺን የክፍሌ መቃብር ላይ አድርሱልኝ...»

«የምን መቃብር?» አለች ኤልፍነሽ። «ላስ ቬጋስ እኮ ነው የምንሄደው!»

የኔነሽ የዘረጋችውን ደብዳቤ ሰበሰበች።

ኤልፍነሽ ግን ደስታዋ ልክ አልነበረውም፣ ምላሷም እንደዚያው።

«የክፍሌን ነፍስ ይማርና! አዲሱ ክሬዲት ካርዳችን በሦስት ወር ውስጥ አምስት ሺህ ዶላር ካወጣችሁበት ሁለት ደርሶ መልስ ትኬት በነፃ ይል ነበር። እኛ ያን ያህል በምን እናወጣለን? ቀነ ገደቡ ደግሞ ያን ዓርብ ሊያልፍ! መርዕድ የክፍሌን ማጓጓዣ በካርዱ ቻርጅ አደረገና በተዋጣው ጥሬ ብር ካርዱን ከፈለ። ከኪሳችን አንድ ሳንቲም አልወጣም!»

ዓርብ...

የኔነሽ ያኔ ገባት። ያ ሁሉ እንባ ለካርዱ ነበር!

መርዕድ በቁምጣና በአበባ ሸሚዝ ሆኖ ከጓዳ ወጣ። ዕድሜው ሃምሳ አልፏል፣ ልብ በሉልኝ።

«እንዴ፣ የኔነሽ! ደህና ነሽ?»

«ጋሽ መርዕድ... አገርዎ አይሄዱም እንዴ?»

«ኧረ ተይኝ እስቲ!» አለ እየሳቀ። «አገር ቤት ማን አለኝ ብለሽ ነው?»

የኔነሽ የልጇን ደብዳቤ ቀስ ብላ ወደ ቦርሳዋ መለሰች።

«እኔ አለኝ» አለች። «ባሌ አለ። እርስዎ ነዎት የላኩት።»

በሩን ዘግታ ወጣች።

ቬጋስ ሄዱ? ሄዱ እንጂ! አፍሮ የሚቀር መሰላችሁ? ፎቶ አንስቶ አልበም ሙሉ ይዞ ነው የተመለሰው!

ግን ወሬው ቶሮንቶን አዳረሰው። ከዚያ ወዲህ በየለቅሶ ቤቱ መርዕድ ሊናገር ብድግ ባለ ቁጥር አቶ ዘውዴ ቀና ብለው «ምነው፣ ዓርብ ደረሰ እንዴ?» ይሉታል። ይቀመጣል።

የጸዮን ደብዳቤ ግን እስከ ዛሬ መሳቢያ ውስጥ ነው።

ወገኖቼ፣ ለሟች አብዝቶ የሚጮህ ሁሉ ለሟች ብሎ እንዳይመስላችሁ። ሐዘን ቤት ስትገቡ መጀመሪያ ባለሐዘኑን ስሙ።

እውነቱን ልንገራችሁ? እኔን ከመርዕድ ይልቅ ያበገኑኝ ከንፈራቸውን የመጠጡት አርባ ሰዎች ናቸው። መርዕድ ትኬት አገኘ። እነሱ ምን አገኙ?

እናንተ እዚያ ቤት ብትኖሩ «ሚስትየዋን እንስማት» ትሉ ነበር... ወይስ አብራችሁ ከንፈር ትመጡ ነበር?

ሳትዋሹ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።